ካርታው ከተሰጠ በኋላ፦ በባስ ድራይቨር ላይ ኤም-ማፕን ስለ መጨመር

ከሃርድዌር ጋር የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ይህ ድራይቨር ኤም-ማፕ ለምን የለውም?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት ፈላጊ ነው። ከአንድ ቦርድ ላይ አንድ ቁጥር ለማንበብ በየጊዜው የከርነሉን ደጅ መጥናት ሰልችቶታል። የቦርዱ ሬጂስተሮች በራሱ ፕሮግራም አድራሻዎች ውስጥ ገብተው እንደ ተራ አሬይ ሊያነባቸውና ሊጽፍባቸው ይፈልጋል። ኤም-ማፕ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ለዚያ ድራይቨሩ ላይ የሚጨመረው ኮድ ደግሞ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ደርዘን መስመር አይሞላም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከእነዚያ መስመሮች በኋላ የሚመጣው ነው። «ማፒንግ»ን ካርታ ብዬ ስተረጉመው በልቤ ያለው የጂኦግራፊው ካርታ አይደለም፤ ክፍለ ከተማ የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። ካርታ የያዘ ሰው በግቢው ውስጥ ለሚያደርገው ነገር ሁሉ ጽሕፈት ቤት እየሄደ አያስፈቅድም። ጥቅሙም ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። ካርታ መስጠት ለሰጪው ቀላል ነው፤ ቦታው ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግ ወይም ቦታው ራሱ ሲጠፋ የወጣውን ካርታ ማምከን ግን ሌላ ሥራ ነው። ድራይቨር ጸሐፊዎች ኤም-ማፕን ሲጨምሩ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናወራው አንድ እውነተኛ ባስ እንያዝ። ቪኤምኢ ባስን ሞቶሮላ፣ ሞስቴክ እና ሲግኔቲክስ በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። የተወለደው ከሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ጋር ተቆራኝቶ ነው። ዕድሜው ከብዙ አንባቢዎቼ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሆኖም በቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች፣ ለምሳሌ በሰርን፣ እንዲሁም በወታደራዊና በፋብሪካ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ውስጥ ብዙ ዘመን አገልግሏል። አሠራሩን በዓይነ ሕሊና ማየት ቀላል ነው፦ አንድ የብረት ሳጥን፣ ከጀርባው የጋራ ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ቦርዶች። ሁሉም በአንድ መንገድ ይነጋገራሉ። «ባስ» የሚለው ቃል ከአውቶቡሱ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሁለቱም የመጡት በላቲን «ለሁሉም» ከሚል ቃል ነው።

ዛሬ ሊነክስ የሚሮጥበት ፕሮሰሰር ቪኤምኢን በቀጥታ አያየውም። በመካከላቸው ከፒሲአይ ወደ ቪኤምኢ የሚያሻግር የድልድይ ቺፕ አለ፤ የታወቁት ሁለቱ የተንድራ ኩባንያ ዩኒቨርስ 2 እና ቲኤስአይ148 ናቸው። ድልድዩ «መስኮት» ይከፍታል። ፕሮሰሰሩ በመስኮቱ የፒሲአይ አድራሻ ክልል ውስጥ ሲያነብ ወይም ሲጽፍ ድልድዩ ያንን ወደ ቪኤምኢ ዑደት ይለውጠዋል። ሁለቱም ቺፖች ያላቸው የወጪ መስኮት 8 ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስኮት የሚያመለክተው የት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚሰፋ ብቻ አይደለም። ቪኤምኢ ባለ 16 ቢት፣ ባለ 24 ቢት እና ባለ 32 ቢት የተባሉ የተለያዩ የአድራሻ ዓለሞች ስላሉት፣ መስኮቱ የቱን እንደሚያይና የዳታው ስፋት ስንት ቢት እንደሆነም ይወስናል።

ይህን ልብ ይሏል። የመስኮቱ ቅንብር ሲለወጥ የፕሮሰሰሩ አድራሻ ሳይነቃነቅ ከወዲያ ያለው ቦርድ ሌላ ይሆናል። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ መሬቱ ግን ተቀይሯል።

በሊነክስ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀው ድራይቨር ቪኤምኢ-ዩዘር ይባላል። 4 ወጪ እና 4 ገቢ መስኮቶችን እንደ ፋይል ያቀርባል። ለረጅም ጊዜ ፕሮግራም አድራጊው የነበረው መንገድ ማንበቢያና መጻፊያ ሲስተም ኮሎች ብቻ ነበሩ፦ ድራይቨሩ ከቦርዱ ያነባል፣ 128 ኪሎባይት በሆነ የከርነል ቋት ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ይገለብጣል። ኤም-ማፕ የተጨመረለት በ2015 ነው።

ፍጥነት የሚለውን ክርክር አስቀድመን እንጨርሰው፤ ከሚገባው በላይ ይጮኻልና። ሲስተም ኮል በዘመናዊ ፕሮሰሰር ላይ የማይክሮ ሰከንድ ክፍልፋይ ይፈጃል፤ ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር ደህንነት ቀዳዳ በ2018 ከተደረገው ጥገና በኋላ በብዙ ማሽኖች ላይ ዋጋው ጨምሯል። በድልድይ አልፎ ከቪኤምኢ ቦርድ አንዲት ቃል ማንበብ ግን ራሱ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የሚደርስ ጉዞ ነው። ፕሮሰሰሩ መልሱ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ለነጠላ ንባብ ኤም-ማፕ የሚቆጥበው ጊዜ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው፤ መቶ እጥፍ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ብዙ ዳታ ማጓጓዝ የሚፈልግ ደግሞ መፍትሔው ዲኤምኤ ነው፤ የድልድዩ ሞተር ዳታውን በብሎክ ሲያጓጉዝ ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ይሠራል። በኤም-ማፕ ሜጋባይቶችን በአንድ አንድ ቃል ማንበብ ጎተራን በማንኪያ እንደ መገልበጥ ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅም የአጻጻፍ ነው። የቦርድ ሰነድ ሬጂስተሮችን በሠንጠረዥ ይዘረዝራል፤ ፕሮግራም አድራጊው ያንን ሠንጠረዥ የሲ ቋንቋ ስትራክት አድርጎ በካርታው ላይ ሲያሳርፈው ኮዱና ሰነዱ ይመሳሰላሉ። በሌሎች ስርዓቶች ላይ በዚህ መልክ የተጻፈ የቆየ ኮድም ሳይቀደድ ወደ ሊነክስ ይሻገራል። ሁለተኛው ጥቅም ጽሑፍ ላይ ነው፦ ወደ ቦርድ የሚጻፍ ቃል ብዙ ጊዜ ድልድዩ ጋ ተቀምጦ በኋላ ይደርሳል፤ ፕሮሰሰሩ አይጠብቅም። ስለዚህ በካርታ መጻፍ በእርግጥ ፈጣን ነው። ግን «ጻፍኩ» ማለት «ደረሰ» ማለት አይደለም። መድረሱን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከዚያው ቦርድ መልሶ ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ ደርዘኑ መስመር። ፕሮግራሙ ኤም-ማፕ ሲጠራ ከርነሉ በፕሮግራሙ አድራሻዎች ውስጥ ባዶ ክልል ያዘጋጅና ድራይቨሩን «ሙላው» ይለዋል። ድራይቨሩ የሃርድዌሩን ፊዚካል አድራሻ በገጽ ሠንጠረዡ ላይ ይተክላል። ለዚህ የቆየው መሣሪያ ሪማፕ-ፒኤፍኤን-ሬንጅ ነው፤ የሚጠይቀው የገጽ ቁጥር፣ ርዝመት እና ፈቃድ ነው። የተባለውን ያለ ጥያቄ ይተክላል። የቦርዱ ወሰን እዚህ ያልፋል ብሎ የሚያስቆም የለም፤ ያ የድራይቨሩ ኃላፊነት ነው።

ኃላፊነቱን የዘነጉ ብዙ ናቸው። የማይረሳው ምሳሌ በ2012 መጨረሻ ላይ የተጋለጠው ነው፦ ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር በያዙ የሳምሰንግ ስልኮች፣ ጋላክሲ ኤስ 3ን ጨምሮ፣ አንድ የሜሞሪ ድራይቨር ለማንኛውም አፕሊኬሽን ክፍት ሆኖ ተገኘ። በኤም-ማፕ የሚሰጠው ደግሞ የስልኩን ፊዚካል ሜሞሪ ነበር፤ ከርነሉ ራሱ የተቀመጠበትን ጭምር። ጨዋታ የሚመስል አፕሊኬሽን ከርነሉን አርሞ የስልኩ ባለቤት ሊሆን ይችል ነበር። ሌሎች ድራይቨሮች ደግሞ ወሰን ይፈትሻሉ፣ ግን ሂሳቡን ይሳሳታሉ፦ መነሻውን ከርዝመቱ ጋር ይደምሩና ከቦርዱ መጠን ጋር ያወዳድራሉ። መነሻው ከመጠን በላይ ትልቅ ሲሆን ድምሩ ተርፎ ይዞርና ትንሽ ቁጥር ይሆናል፤ ፍተሻውም ያልፋል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2013 ቪኤም-አዮማፕ-ሜሞሪ የተባለ አጋዥ ፈንክሽን የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ድራይቨሩ «ሃርድዌሬ እዚህ ይጀምራል፣ ስፋቱ ይህ ነው» ይላል፤ የገጽ ሂሳቡንና የወሰን ፍተሻውን አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈው ኮድ ይሠራዋል። የ2015ቱ የቪኤምኢ ኮድም የተጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ከመጥራቱ በፊትም የተጠየቀው ክልል ከመስኮቱ መጨረሻ አለማለፉን ያያል። ዛሬ አዲስ ድራይቨር እየጻፈ ሪማፕ-ፒኤፍኤን-ሬንጅን በቀጥታ የሚጠራ ሰው ካየሁ በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ እጠይቀዋለሁ።

ወሰኑ ትክክል ቢሆንም ካርታ የሚሰጠው በገጽ ነው፤ ገጽ ደግሞ በብዙ ማሽን ላይ 4096 ባይት ነው። በቪኤምኢ ባለ 16 ቢት ዓለም ውስጥ 256 ባይት ብቻ የሚይዙ ቦርዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአንድ ገጽ ውስጥ እንዲህ ያሉ 16 ቦርዶች ይገባሉ ማለት ነው። የአንዱን ካርታ ስትሰጥ ሳትፈልግ የ15 ጎረቤቶቹንም ሰጠህ። ገጻቸው 64 ኪሎባይት በሆነ ማሽኖች ላይ ደግሞ ያ ዓለም ሁሉ በአንድ ገጽ ያልቃል። ቺፖቹም የራሳቸው እርከን አላቸው፦ በዩኒቨርስ 2 ላይ ሁለት መስኮቶች በ4 ኪሎባይት ሲስተካከሉ የቀሩት በ64 ኪሎባይት ነው። አጥሩ ከግቢው በላይ እንደሚሰፋ አውቆ ፈቃድ መስጠት ነው እንጂ ለዚህ በሶፍትዌር መድኃኒት የለውም።

የካሽ ጉዳይም አለ። ተራ ሜሞሪ በካሽ ይነበባል፤ የቦርድ ሬጂስተር ግን እንዲህ ከተነበበ ፕሮግራሙ የትናንቱን ቁጥር እያየ ይኖራል። ስለዚህ ድራይቨሩ ካርታውን «ካሽ የሌለው» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። አጎራባች ጽሑፎችን ጠቅልሎ በአንድ ጊዜ የሚልክ ሌላ ዓይነት ምልክትም አለ፤ ለስክሪን ሜሞሪ ደስ የሚል ነው። ኤፍአይኤፍኦ (የወረፋ ቋት) ላለው ቦርድ ግን መርዝ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ጽሑፍ በተራው መድረስ አለበትና።

ድራይቨሩ ምልክቱን በትክክል ቢያደርግም ፕሮግራሙ ሊያበላሸው ይችላል። ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ የተዘነጋ ይመስለኛል። የቲኤስአይ148 ድራይቨር የማንበቢያ ኮድ የከርነሉን ተራ መገልበጫ ሆን ብሎ አይጠቀምም፤ ያ መገልበጫ ዝውውሩን ወደ 8 ቢት ዑደቶች ሊቆራርጠው ይችላል፣ ባለ 16 ወይም ባለ 32 ቢት ዑደት ብቻ የሚቀበል ቦርድ ደግሞ ያንን አይመልስም። ስለዚህ ኮዱ አድራሻው ጎዶሎ ከሆነ መጀመሪያ ያስተካክላል፣ ከዚያ በ32 ቢት ይሄዳል፣ ትርፉን በመጨረሻ ይለቅማል። የካርታው ባለቤት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የለውም። የሲን መገልበጫ ሚም-ኮፒን በካርታው ላይ ከጠራ ላይብረሪው እንደ ፍጥነቱ ምርጫ በ16 ባይት ወይም በ32 ባይት ያነባል፣ አንዳንዴም አንዱን አድራሻ ሁለት ጊዜ ይነካል። ለተራ ሜሞሪ ምንም አይደለም። ሲነበብ ለሚቀንስ ሬጂስተር ግን ዳታ ጠፋ ማለት ነው። በ64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ያልተሰለፈ አድራሻን በዲቫይስ ሜሞሪ ላይ መንካት ፕሮግራሙን በሲግናል ያስገድለዋል። ቮላታይል የሚለውን የሲ ቃል መጠቀምና በአንድ አንድ ቃል በሉፕ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። የባይት ቅደም ተከተሉም የፕሮግራሙ ዕዳ ነው፦ ቪኤምኢ ከሞቶሮላ ወገን ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ ኢንቴል ትንሹን።

ስህተት ሲፈጠርስ? ቪኤምኢ ላይ በሌለ ቦርድ አድራሻ ብታነብ የባስ ስህተት የሚባል ምልክት ይነሳል። በማንበቢያው መንገድ ድራይቨሩ ይህን ማወቅ ይችላል፦ የቲኤስአይ148ቱ ፍተሻው እንዲበራ ከተደረገ ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ስህተት መኖሩን ያያል፣ ምን ያህል ባይት በደህና እንደተነበበም ይናገራል። በካርታው መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ የሚያየው ሁሉም ቢቶቹ 1 የሆኑ ቁጥር ብቻ ነው። ድልድዩ ስህተቱን በኢንተራፕት ለከርነሉ ይነግራል፤ ከርነሉም መዝግቦት ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ግን የሰማው የለም። ዲጂታይዘር ከሆነ ቦርዱ፣ ያ ቁጥር «ከፍተኛው ንባብ» መስሎ ወደ ውጤት መዝገብ ይገባል። የተነቀለ ቦርድ ለሳምንታት ትልልቅ ውጤት ሲያስመዘግብ ማሰብ ይቻላል። ስለዚህ ኤም-ማፕ ሲጨመር ማንበቢያውና መጻፊያው መንገድ መነሣት የለበትም ባይ ነኝ። ቦርዱ መኖሩን በዝግታው መንገድ አረጋግጦ ከዚያ ወደ ካርታው መግባት ደህና ልማድ ነው።

አሁን ወደ ማምከን።

የ2015ቱ ኮድ በጣም የምወደው ክፍሉ ቆጠራው ነው። በእያንዳንዱ ወጪ መስኮት ላይ ስንት ካርታ እንደወጣ የሚይዝ ቁጥር አለ። አንድ ሰው መስኮቱን ወደ ሌላ አድራሻ ላዙር ሲል ድራይቨሩ ቁጥሩን ያያል፤ ዜሮ ካልሆነ በማስጠንቀቂያ ይከለክለዋል። ምርጫው ወግ አጥባቂ ነው፦ ካርታ ከማምከን ይልቅ ካርታ ባለበት ቦታ ላይ ለውጥ መከልከል። ዋጋም አለው። ካርታውን ሳይመልስ ተኝቶ የቀረ አንድ የሙከራ ፕሮግራም መስኮቱን በሙሉ ያግዳል፣ መስኮቶቹም ጥቂት ናቸው። ሆኖም ከሌላው አማራጭ ይሻላል፤ አንዱ ፕሮግራም መስኮቱን ሲያዞር ሌላው ሳያውቅ በሰው ቦርድ ላይ መጻፍ ይጀምራልና።

ቆጠራውን በትክክል መያዝ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ ፎርክ ሲያደርግ ልጁ የአባቱን ካርታ ይወርሳል፤ ለዚህ የድራይቨሩ ኤም-ማፕ በድጋሚ አይጠራም። ፕሮግራሙ የካርታውን መካከል ብቻ ሲመልስ አንዱ ካርታ ለሁለት ይከፈላል። ከርነሉ በእነዚህ ጊዜያት የሚጠራቸው ሁለት ፈንክሽኖች አሉ፣ አንዱ ካርታ ሲባዛ፣ አንዱ ሲዘጋ። ድራይቨሩ እነርሱን ካልሞላ ቁጥሩ ይዛባል፤ ዜሮ ሳይደርስ ቀርቶ መስኮቱ ለዘለዓለም ይታገዳል፣ ወይም ቀድሞ ዜሮ ሆኖ ክልከላው ይሰበራል። የቪኤምኢው ኮድ ለእያንዳንዱ የኤም-ማፕ ጥሪ ትንሽ መዝገብ ይከፍታል፤ ወራሾች መዝገቡን ይጋራሉ፣ የመጨረሻው ሲሄድ ብቻ የመስኮቱ ቁጥር በአንድ ይቀንሳል።

መከልከል የማይቻልበት ጊዜ ደግሞ አለ። ሃርድዌሩ ራሱ ሲነቀል ወይም ሲጠፋ ድራይቨሩ «ቆይ፣ ካርታ አለ» ማለት አይችልም። ይህ በቪኤምኢ ላይ ብርቅ ነው፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ ግን የታወቀ ችግር ነው። በ2020 የተገለጠው የቪኤፍአይኦ ቀዳዳ ዋና ምስክር ነው። ቪኤፍአይኦ የፒሲአይ መሣሪያን ለፕሮግራም፣ በተለይ ለቨርቹዋል ማሽን፣ አሳልፎ ይሰጣል። ተጠቃሚው የመሣሪያውን ሜሞሪ ካርታ ያወጣል፤ ከዚያ በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ሜሞሪውን የሚያጠፋውን ቢት ይነካል፤ ከዚያ በካርታው ያነባል። ካርታው አለ፣ ከወዲያ ግን የሚመልስ የለም። አንዳንድ ማሽኖች ይህን እንደ ከባድ የሃርድዌር ስህተት ቆጥረው ይቆማሉ፤ እንግዳው ባጠፋው ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ጥገናው እውነተኛ ማምከን ሆነ፦ ሜሞሪው ሲጠፋ ከርነሉ የወጡ ካርታዎችን ሁሉ ከገጽ ሠንጠረዦች ይነቅላል፤ በጠፋው ሜሞሪ የሚያነብ ፕሮግራም ሲግናል ይደርሰዋል፤ ሜሞሪው ሲመለስ ግን ገጾቹ በፎልት አማካይነት እንደገና ይተከላሉ። ለዚህ ካርታው አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ከመሙላት ይልቅ በተነካ ጊዜ የሚሞላ መሆን አለበት፤ ድራይቨሩም ካርታዎቹን የሚያገኝበት መንገድ ያስፈልገዋል። ሥራው ከደርዘን መስመር እጅግ ይበልጣል።

«ይህ ሁሉ ከሆነ ድራይቨር ለምን እጽፋለሁ?» የሚል ይኖራል። አማራጮች አሉ። ፊዚካል ሜሞሪን በጅምላ የሚያቀርበው የዴቭ-ሜም ፋይል ከሁሉ ቀላሉ ነው፣ ከሁሉም አደገኛው፤ ዘመናዊ ከርነሎች በብዙ ክልከላ አጥረውታል። ሊነክስ የፒሲአይ ክልሎችን በሲስ-ኤፍኤስ ውስጥ እንደ ፋይል ያቀርባል፤ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ሴኪዩር ቡት ጥብቅ በሆነበት ማሽን ላይ ግን ይከለከላል። ከ2007 ጀምሮ ያለው ዩአይኦ ትንሽ የከርነል ኮድና ኢንተራፕት መጠበቂያ ይሰጣል፤ ለአንድ ነጠላ ቦርድ ይበቃል። ቪኤፍአይኦ ከ2012 ጀምሮ መሣሪያዎች የሚደርሱበትን ሜሞሪ በሚገድበው በአይኦኤምኤምዩ ታግዞ ዲኤምኤን ጭምር ያጥራል። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን መስኮት የሚለውን ነገር አያውቁም። ድልድዩን በሙሉ ለአንድ ፕሮግራም ብትሰጥ ስምንቱም መስኮቶች የእርሱ ናቸው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ባስ ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛው ከርነል ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ለዚህ ነው የባሱ የራሱ ድራይቨር ኤም-ማፕን መማሩ የሚያስፈልገው።

ገቢ መስኮቶች፣ ማለትም ሌሎች ቦርዶች ወደ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪ የሚጽፉባቸው፣ በቪኤምኢ-ዩዘር ካርታ አይሰጥባቸውም፤ የሚጠይቅ «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። እዚያ ያለው ለዲኤምኤ የተያዘ ተራ ሜሞሪ ስለሆነ የሚያስፈልገው ሌላ መንገድና ሌላ የካሽ ሕግ ነው። በግማሽ ከመሥራት አለመስጠት ይሻላል፤ ያደረጉትም ይህንን ነው።

የሊነክስ የቪኤምኢ ኮድ ዋናው ክፍል በ2012 ያልበሰሉ ድራይቨሮች ከሚቆዩበት፣ ከስቴጂንግ፣ ወጥቶ ወደ ዋናው ድራይቨሮች ግቢ ገብቶ ነበር። በ2022 ተመልሶ ወደ ስቴጂንግ ተላከ። ተንከባካቢ ስላጣ ነው እንጂ ኤም-ማፑ ስለተበላሸ አይደለም። ካርታ የወጣበትን መስኮት ላዙር የሚል ሰው እዚያም ያው ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል።